መኪናው ከመገዛቱ በፊት

(ከግዢ ኮሚቴው ለማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የግዢ ኮሚቴው እንዲናገር የተጠየቀው ማኅበራችን ያገለገለ ፒክአፕ ይግዛ ወይስ አይግዛ በሚለው ጉዳይ ላይ ነው። ባለፈው ስብሰባ ነገሩ ለሁለት እንደከፈለን ታስታውሳላችሁ። ግማሾቻችን “ዋጋው በየጊዜው እየጨመረ ነው፤ ዛሬ ካልገዛን ነገ በዚህ ብር ባጃጅም አይገኝ” አልን። ግማሾቻችን ደግሞ “ይህ ብር እንጀራ እየጋገርን፣ በርበሬ እየቀነጠስን ለዓመታት ያጠራቀምነው ነው፤ በአንድ ቀን ጋራዥ ገብቶ እንዲቀር አንፈልግም” አልን። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። እንጀራውንና ባልትናውን ለደንበኞች ለማድረስ በየቀኑ ለኪራይ መኪና የምንከፍለው ብር ትርፋችንን እየበላው ነው። ተቻኩለን የምንገዛው መኪና ደግሞ ትርፉን ብቻ ሳይሆን ዋናውንም ሊበላ ይችላል።

በኮሚቴው ውስጥ አራት ሴቶች ነን። ሁለታችን ሒሳብ እንይዛለን፣ አንዷ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ናት፣ አንዷ ደግሞ ለዓመታት የተማሪዎች ሚኒባስ ነድታለች። አንዳችንም መካኒክ አይደለንም። ስለዚህ ዛሬ የምናቀርብላችሁ የባለሙያ ትምህርት ሳይሆን ማንኛዋም አባል ዓይኗን፣ ጆሮዋንና እስክሪብቶዋን ይዛ ልታጣራው የምትችለውን ነገር ነው። የራሳችሁን ወይም የቤታችሁን መኪና የምትነዱም ሆነ ነገ ለመግዛት የምታስቡ እህቶች እንደሚጠቅማችሁ ተስፋ እናደርጋለን።

ሐሳባችን በአጭሩ ይህ ነው፤ ሦስት ነገሮች ሳይሟሉ ማንም በማኅበሩ ስም ፊርማ አያኑር። አንደኛ፣ ሞተሩ በብርዱ ሳይታይ። ሁለተኛ፣ ለመጀመሪያው ዓመት ወጪ የሚሆን ብር ለብቻው ሳይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ወረቀቱ ሳይጣራና መኪናው በማን ስም እንደሚሆን ሳይወሰን።

ዋጋው ስለ ጤናው አይነግረንም

ብዙዎቻችን ውድ ዕቃ ጥሩ ዕቃ ይመስለናል። በአገራችን የመኪና ገበያ ይህ አይሠራም። ለምን ቢባል፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ በሚያስገባ ሰው ላይ ከአዲሱ የከበደ ታክስ ጣለ፤ መኪናው በዕድሜ በገፋ ቁጥር ታክሱም ይከብዳል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ።

እነዚህ ሦስት ነገሮች ተደራርበው ቀድሞ የገባውን ነዳጅ በል መኪና ሁሉ አስወደዱት። ሃያ ዓመት የሠራው ቪትዝ፣ ሠላሳ ዓመት የተጫነበት ፒክአፕ፣ ሁሉም ዋጋው ወጣ። ዋጋው የወጣው ግን መኪናው ስለታደሰ አይደለም፤ የሚተካው ስለጠፋ ነው። ስለዚህ ደላላው “ይህን ያህል የሚያወጣው ጥሩ ስለሆነ ነው” ሲለን ልባችን ዝም ብሎ አይቀበል። ዋጋው የገበያውን ጥበት እንጂ የሞተሩን ጤና አይነግረንም።

“ታዲያ ለምን የኤሌክትሪክ አንገዛም?” ያላችሁን እህቶችም ሰምተናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ትልቁ ዋጋው ባትሪው ነው። ባትሪው ምን ያህል አቅም እንደቀረው በመመርመሪያ መሣሪያ ተለክቶ በመቶኛ ካልታየ በጨለማ እንደመግዛት ነው። በተጨማሪም የምንሠራበት ግቢ የኪራይ ነው፤ ለመሙያ የሚሆን አስተማማኝ የመብራት መስመርም የለንም። ይህ ሲስተካከል ጉዳዩን እንደገና እናነሣዋለን። ለአሁኑ የምንናገረው ስለ ናፍጣና ቤንዚን መኪና ነው።

ሙሉውን ብር ለመኪናው አንስጥ

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የምንጠቅሳቸው የብር መጠኖች ለስሌት እንዲመቹ የተጠጋጉ ምሳሌዎች ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

እጃችን ላይ 2,000,000 ብር አለ እንበል። ብዙ ሰው በዚህ ብር የ2,000,000 ብር መኪና ይፈልጋል። እኛ የምንለው ከ1,600,000 ብር በላይ የሆነውን ከነአካቴው ሄደን አንይ ነው። የቀረው 400,000 ብር ትርፍ ገንዘብ ሳይሆን የመኪናው ዋጋ ሌላኛው ክፍል ነው። የስም ማዛወሪያ፣ የመድን፣ የዓመታዊ ምርመራና የቦሎ ወጪ አለ። መኪናው እጃችን እንደገባ ሻጩ ምንም ቢለን የሞተር ዘይቱን፣ ፊልትሮዎቹንና ቺንጊያዎቹን እንቀይራለን፤ የፍሬን ሸራውን እናስከፍታለን። ጎማና ባትሪ ሊከተሉ ይችላሉ። ከዚህ የተረፈው ደግሞ ለማናውቀው ብልሽት ይቀመጣል። ያገለገለ መኪና ከገዢው ጋር እስኪተዋወቅ ድረስ የመጀመሪያዎቹ ወራት ወጪ የበዛባቸው ናቸው። ገዝቶ ለማሠሪያ ያጣ ሰው መኪናውን በር ላይ አቁሞ ያያል።

ሁለተኛው ስሌት የየወሩ ነው። በወር 25 ቀን፣ በቀን 60 ኪሎ ሜትር ብንሄድ በወር 1,500፣ በዓመት 18,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የናፍጣ ፒክአፕ በከተማ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ገደማ ቢጠጣ በወር 150 ሊትር ነው። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር ቢቀየር በዓመት አራት ጊዜ ያህል ሰርቪስ አለ። እነዚህን ሁላችንም እናስባቸዋለን። የምንረሳው ጎማን ነው። አራት ጎማ 80,000 ብር ቢገዛና 40,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል፣ መኪናው በሄደ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 2 ብር ከጎማው ላይ ተፍቆ መንገድ ላይ ይቀራል። ይህም በወር 3,000 ብር ነው። ጎማው ሲያልቅ ከምንደነግጥ፣ ገና አዲስ ሳለ ከመጀመሪያው ወር ጀምረን 3,000 ብር በጎማ ስም እናስቀምጥ። ለባትሪና ለትልቅ ጥገናም እንደዚሁ።

ሾፌሩንም ከሒሳቡ አናውጣ። መኪናው ጋራዥ በቆመበት ቀን እንጀራው አይቆምም፤ ደንበኛው ይጠብቃል። በዚያ ቀን የሾፌሩን ደመወዝ እየከፈልን ሌላ መኪና እንከራያለን። ስለዚህ ከኪራዩ ጋር ስናወዳድር በወር ሁለት ሦስት ቀን የመቆሚያ ወጪ ጨምረን እናስላ። ይህ ሁሉ ተደምሮ አሁን ለኪራይ ከምንከፍለው ካነሰ እንግዛ። ካላነሰ ደግሞ መኪና የሌለው ማኅበር መሆን አያሳፍርም።

ሞተሩን በብርዱ እንየው

ባለፈው ወር ሁለት መኪኖች አይተናል። ለአንደኛው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ቀጠሮ ያዝን፤ “እባክዎ ሞተሩን ሳያስነሡ ይጠብቁን” ብለንም ነበር። ስንደርስ ኮፈኑ እንደ ምጣድ ይሞቃል። ሻጩ “ዳቦ ልገዛ ወጣ ብዬ ነው” አሉን። ዳቦ መግዛት ነውር የለውም፤ እኛ ግን አመስግነን ተመለስን። የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል። በብርዱ አልነሣ የሚል ሞተር ሲሞቅ በቀላሉ ይነሣል፤ ገና ሲነሣ የሚያጨሰውና የሚያንኳኳውም ከሞቀ በኋላ ጸጥ ሊል ይችላል። የሞቀ ራዲያተር ደግሞ ስለሚያቃጥል ከፍቶ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ቀጠሮው ጠዋት ይሁን፣ የመጀመሪያው ሥራም ኮፈኑን በእጅ መዳሰስ ይሁን።

ከዚያ በቅደም ተከተል እንሂድ። መጀመሪያ በቀን ብርሃን ዙሪያውን እንየው። በርና ላሜራ የሚገናኙበት ክፍተት ግራና ቀኙ እኩል ነው ወይ? ቀለሙ አንድ ነው ወይ? በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት ይዘን ላሜራው ላይ ብናስጠጋት፣ ስቱኮ የበዛበት ቦታ ላይ አትይዝም። የመኪናው ቀለም መታደሱ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ግጭት ተደብቆበት ከሆነ ግን ማወቅ አለብን። ፒክአፕ ከሆነ ጎንበስ ብለን ሻንሲውን እንየው። ብየዳ፣ ስንጥቅ ወይም ሲነኩት የሚፈረፈር ዝገት ያለበትን ሻንሲ በምንም ዋጋ አንገዛም። ባሌስትራዎቹም አንዱ ወገን የሰመጠ እንዳይሆን።

ቀጥሎ ኮፈኑን እናስከፍት። የዘይት መለኪያውን አውጥተን እንየው፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት መጥቆሩ የተለመደ ነው። የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ከሥሩ እንደ ማኪያቶ አረፋ ያለ ነገር ከታየ ግን ውኃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። የራዲያተሩን ክዳን እንክፈት፤ ውኃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ወይም ቀይ ዝገት ከሞላው ጥያቄ እንጠይቅ። እነዚህ ምልክቶች የቴስታታ ጓርኒሲዮን መበላሸትን ሊያሳዩ ይችላሉ፤ እሱ ደግሞ የኪስ ጥገና አይደለም።

አሁን ይነሣ። አንዳችን ከፊት፣ አንዳችን ከጭስ ማውጫው በኩል እንቁም። በአዲስ አበባ ብርድ ጠዋት ነጭ እንፋሎት ወጥቶ በጥቂት ደቂቃ ከጠፋ ችግር የለውም። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ነጩ ጭስ ካልቆመ ውኃ ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። ጥቁር ጭስ ነዳጁ በደንብ እንደማይቃጠል ያሳያል፤ በናፍጣ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ የኖዝልና የፖምፓ ጉዳይ ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ብናላላው እንፋሎት እየተፋ የሚገፋ ከሆነ ሞተሩ ውስጡ ተበልቷል ማለት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ እንንዳው። ሜዳ ላይ ብቻ ሳይሆን ዳገት ላይ፣ ለምሳሌ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ። በዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እያለቀ ነው። ማርሽ ሲገባ የሚያንገራግር ወይም በራሱ የሚወጣ ከሆነ የካምቢዮ ነገር ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስንይዝ ወደ አንድ ወገን ይስባል ወይ? ቀጥ ባለ መንገድ መሪውን ለቀቅ ስናደርገው ያዘነብላል ወይ? የሙቀት መለኪያው ከመሐል አለፈ ወይ? ተመልሰን ከቆምን በኋላ ሥሩን እንየው፤ አዲስ ጠብታ አለ ወይ?

ጎማዎቹንም እናንብባቸው። ጎኑ ላይ ከተጻፉት ምልክቶች መካከል በሞላላ ክብ ውስጥ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 2319 ከሆነ በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም በዕድሜ ብቻ ሊደርቅና ሊሰነጠቅ ይችላል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ደግሞ ለብቻው አንመነው፤ መልሶ መቀነስ እንደሚቻል ሁሉም ያውቃል። 80,000 የሚል ቆጣሪ ያለው መኪና የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተበልቶ፣ መሪው ተልጎ፣ የሾፌሩ ወንበር ሰምጦ ከታየ እኛ የምናምነው ወንበሩን ነው።

ይህን ሁሉ ያለፈ መኪና ከተገኘ እኛ ወደመረጥነው ጋራዥ ይሂድ፤ ሻጩ ወይም ደላላው ወደሚያውቀው አይደለም። ለምርመራው የምንከፍለው ብር መኪናውን ባንገዛው እንኳ የባከነ አይደለም።

ከተገዛ በኋላ፦ የየቀኑ ሕመሞች

ይህኛው ክፍል አሁንም መኪና ላላችሁ እህቶች ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላ እዚህ ለምን ቶሎ እንደማይበስል የሚያውቅ ሰው የመኪናውም ነገር ይገባዋል። የራዲያተር ክዳን የሚሠራው እንደ ፕሬሸር ኩከር ክዳን ነው፤ ውስጡን አፍኖ ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ክዳኑ ከላላ መኪናው ዳገት ላይ ይፈላል። ስለዚህ መኪናው ሲግል ሞተር ከማስወረዳችን በፊት ክዳኑን፣ የውኃ ቧንቧዎቹንና ማራገቢያውን እናስይ። ከቧንቧ ውኃ ይልቅ ኩላንት እንጠቀም፤ ኩላንት የሚፈላው በበለጠ ሙቀት ሲሆን ዝገትንም ይከላከላል። መንገድ ላይ ከጋለ ጥግ ይዘን እናጥፋው፤ እስኪበርድ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ እንጠብቅ። ክዳኑን በሙቀቱ አንክፈት፣ በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውኃ አናፍስስ።

ጠዋት ቁልፍ ስናዞር “ጠቅ ጠቅ” ብቻ ካለ ወዲያው ባትሪ አንግዛ። መጀመሪያ የባትሪውን ራሶች እንይ፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዙ በሞቀ ውኃና በሶዳ ጠርገን እናጥብቃቸው። ካልሆነ ይለካ። ጤነኛ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። ሲሠራ ካልጨመረ ባትሪው ሳይሆን ዲናሞው ነው ጥፋተኛው። ሁለቱም ደህና ሆነው መኪናው ካልተነሣ ሞተሪኖው ይታይ።

ፍሬን ሲያዝ የሚያፏጭ ከሆነ ሸራው እያለቀ ሊሆን ይችላል። ብረት ከብረት ሲፋጭ ከተሰማ አንድ ቀንም አንጨምር። ፔዳሉ እየላላ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ መኪናው አይንቀሳቀስ። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ የዘይት መብራት ከበራ “ቤት ልድረስ” አይባልም፤ እዚያው ይጠፋል። ቢጫዋ የሞተር መብራት ግን ብዙውን ጊዜ ጋራዥ እስክንደርስ ትታገሣለች።

ጋራዥ ስንገባ አንድ ልማድ እንያዝ። ሕመሙን እንናገር፣ መድኃኒቱን አንዘዝ። “ፖምፓ ቀይሩልኝ” ካልን ፖምፓ ይቀየራል፤ ሕመሙ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። “ጠዋት ሲነሣ ይንኳኳል፣ ሲሞቅ ይተዋል፤ ከጀመረው ሁለት ሳምንት ሆነው” ብንል ግን ባለሙያው እንዲመረምር እናስገድደዋለን። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የእጅና የመለዋወጫ ዋጋ ተለይቶ ይጻፍ፤ የወጣው አሮጌ ዕቃ ለእኛ ይመለስ፤ ደረሰኝ ይያዝ። መለዋወጫ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስንሄድ የወጣውን ዕቃ ይዘን እንሂድ፤ ከሁለት ሦስት ሱቅም ዋጋ እንጠይቅ። “ባለቤትሽን ጥሪልን፣ ከእሱ ጋር እንነጋገር” የሚል ጋራዥ ካጋጠመን ሌላ ጋራዥ አለ። ደብተር ይዛ የምትጠይቅን ሴት፣ ቀንና ኪሎ ሜትር ጠቅሳ ያለፈውን ጥገና የምትናገርን ሴት፣ ማንም በቀላሉ አያታልላትም።

መኪናው በማን ስም ይሁን?

በመጨረሻ የምናነሣው ከሁሉም የከበደውን ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር መኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። ሰሌዳው የግል ይሁን የንግድ ይታይ፤ የእኛ ሥራ ንግድ ነው። መኪናው ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዛወርም። የባንክ ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበት ፋይሉ ባለበት መንገድ ትራንስፖርት ይጣራ። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ነው፤ የሚሸፍነው ግን በሌላ ሰው ላይ የደረሰውን ጉዳት እንጂ የእኛን መኪና አይደለም። ስለዚህ ለማኅበሩ መኪና ሙሉ መድን እንግባ።

“በውክልና ይሁንና ስሙ በኋላ ይዞራል” የሚል ሻጭ ብዙ ነው። ስሟን የማንጠራት አንዲት እህታችን እንዲህ ገዝታ ሁለት ዓመት ነዳች፤ ከዚያ ሻጩ አረፉ። ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቋረጣል። ወራሾቹ መኪናውን የአባታችን ነው አሉ፤ እስካሁንም ፍርድ ቤት ይመላለሳሉ። ውክልና ሽያጭ አይደለም። ሽያጩ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ በውል ይፈጸም፤ ስሙም ወዲያው ይዛወር።

የሻጩ ሚስትም ትፈርም። በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነን የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ሻጩ ያላገቡ ከሆነ ማስረጃውን ያምጡ። ይህ ሕግ በቤታችሁም ይሠራል። ሊብሬው በባል ስም ብቻ ቢሆን እንኳ፣ የግሉ መሆኑን ካላስረዳ በስተቀር ንብረቱ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ሳታውቂ የሚሸጥ መኪና ሊኖር አይገባም፤ እናንተም ሳታነቡ አትፈርሙ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ባለፈው ስብሰባ “የማኅበሩ ወረቀት ጊዜ ይወስዳል፤ ለጊዜው በአንዷ አባል ወይም በባለቤቷ ስም ይገዛ” የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ያቀረቡት እህቶች በቅንነት እንዳቀረቡት እናውቃለን። ነገር ግን አሁን የጠቀስነው ሕግ መልሱን ይሰጠናል። በአንድ ባለትዳር ሰው ስም የተመዘገበ መኪና የዚያ ቤት የጋራ ንብረት ነው ተብሎ ይገመታል። ሰውየው ዕዳ ቢኖርበት ባለዕዳ የሚጠይቀው ሰው ወደዚያ መኪና ሊመጣ ይችላል። ቢፋቱ ለክፍያ ሊቀርብ፣ ቢሞቱ ለውርስ ሊቀርብ ይችላል። ያን ጊዜ እኛ የምንይዘው መተማመናችንን ብቻ ነው፤ መተማመን ደግሞ ፍርድ ቤት ፊት እንደ ሊብሬ አይቀርብም። ጥርጣሬው በማንም እህታችን ላይ አይደለም። እንዲያውም የማናችንንም ትዳርና ልጆች በማኅበሩ ብር ፈተና ውስጥ ላለመክተት ነው እንዲህ የምንለው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። የሃምሳ ሰው ሎሚ በአንድ ሰው ስም ከተመዘገበ ግን ጌጥነቱ ቀርቶ ሸክም ይሆናል።

ስለዚህ ጠቅላላ ስብሰባው በቃለ ጉባኤ እንዲወስንልን የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንድ፣ መኪናው በማኅበሩ ስም ብቻ እንዲገዛና እንዲመዘገብ፤ ወረቀቱ ሁለት ወር ቢፈጅ ሁለት ወር እንድንጠብቅ። ሁለት፣ ከተያዘው ብር ከአምስት አንዱ እጅ ለመጀመሪያው ዓመት ወጪ በተለየ ሒሳብ እንዲቀመጥ። ሦስት፣ የገለልተኛ ጋራዥ የምርመራ ወረቀት ሳይቀርብ ቀብድም ቢሆን እንዳይከፈል።

ከተስማማችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ የሁለት መኪኖች የምርመራ ውጤትና የየወሩን ስሌት ይዘን እንመጣለን። ሁለቱም ካላለፉ ባዶ እጃችንን እንመለሳለን፤ ብሩ በባንክ ሒሳባችን ውስጥ እንዳለ ይቆያል። “ገበያው ያመልጠናል” ለሚሉን እህቶች መልሳችን አጭር ነው፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

አሁን ጥያቄያችሁን እንቀበላለን።